የኋላው እግር

ሊቀመንበሩን ሞቶ ያገኘችው የፅዳት ሠራተኛዋ ናት። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቢሮውን በር ስትከፍት ሰውዬው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። ሥራ በዝቶበት እዚያው ያደረ መሰላትና፣ እንዳትቀሰቅሰው ብላ በጫፍ እግሯ እየተራመደች የቆሻሻ ቅርጫቱን ይዛ ወጣች። ባዶውን ቅርጫት ስትመልስ ነው ከወንበሩ ሥር የደረቀውን ደም ያየችው። በኋላ ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ ደጋግማ ያነሳችው ይኸንኑ ነበር። «ለሞተ ሰው ኮቴዬን ቀነስኩለት» ትል ነበር።

መርማሪው የደረሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ባልደረቦቹ «እንቁላሉ» ይሉታል። አለቆች ቶሎ በል ባሉት ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ስለሚመልስ የወጣለት ስም ነው፤ ፊት ለፊቱ ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃ አይወድም። ሌላው ሮጦ የሚያልፈውን ቆሞ የማየት አመል አለበት፤ በዚህ አመሉ ብዙ አለቃ አስመርሯል፣ ጥቂት ነፍሰ ገዳይም ይዟል።

ቦታው የዒላማ ተኩስ ክለብ ነው። በአንድ በኩል አሮጌው አዳራሽ፣ ፊት ለፊቱ ግንባታው ያላለቀ አዲስ አዳራሽ፣ መሀላቸው ጠባብ ግቢ። የሊቀመንበሩ ቢሮ አሮጌው ውስጥ ሆኖ መስኮቱ አዲሱን ያያል። መስታወቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፣ ሰውዬው ደረት ላይም አንዲት። ሐኪሙ ሰውዬው የሞተው ማክሰኞ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው አለ። መርማሪው ከመስኮቱ ተነስቶ ግቢውን ተሻገረ፤ ሃያ አራት እርምጃ ቆጥሮ በር ያልተገጠመለት ክፍል ውስጥ ገባ።

ወለሉ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ተኝቷል፣ ብናኙ ላይ የአንድ ሰው የጫማ ምልክት አለ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ለክተውትና ፎቶ አንስተውት ነበር፤ ሶሉ ጠፍጣፋና ደረቅ የሆነ አርባ ሦስት ቁጥር የሥራ ቡት። እሱ ግን እያቃሰተ ተንበረከከ። የተኮሰው ሰው ወደ መስኮቱ የቆመው በጎኑ ነው። ቀኝ እግሩ ከፊት፣ ግራው ከኋላ፣ መሀላቸው የትከሻ ስፋት። ሁለቱም እኩል ተጭነዋል። የኋላው እግር ብቻ ከወለሉ ሳይነሳ አራት ጣት ያህል ወደ ጎን ተስቦ ብናኙን ጠርጓል።

አጠገቡ የነበረ ፖሊስ ሽጉጡ ሲተኮስ ገፍቶት ይሆናል አለ። መርማሪው ግን፣ ሽጉጥ የሚገፋ ከሆነ የሚገፋው ወደ ኋላ ነው፤ ይሄ እግር ወደ ጎን ምን አስኬደው እያለ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ሽጉጡን ለመፈለግ እንኳ አልተነሳም፤ ሌሎቹ ናቸው ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል ያወጡት። የክለቡ ሰባት ቁጥር ሽጉጥ ነበረች።

*

እኩለ ቀን ላይ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለ።

ዘበኛው ማክሰኞ ማታ ተኩስ ሰምተህ ነበር ወይ ሲባል ጠያቂውን ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ «እዚህ ግቢ ተኩስ ሲቆም እንጂ ሲሰማ የሚደነግጥ የለም» አለ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሟቹ፣ አሠልጣኙ፣ ሻምፒዮን የሆነችው ተኳሽ እና የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ። ሻምፒዮኗ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥታለች። ነገር ግን በግንባታው በኩል አጥር ስለሌለ፣ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ቢኖር የሚያየው የለም።

የመሣሪያ ክፍሉን ኃላፊ ሁሉም ዘይቴ ይለዋል፤ ሽጉጥ ሲወለውል ስለሚውል ዘይት ዘይት ይሸታል። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ማስረጃው በሙሉ ወደሱ ሮጠ። የዘይት አሻራው ውሃ ሳያጠፋው ሽጉጡ ላይ ቀርቷል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ እሱ ወገብ ላይ ነው። ሽጉጥ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ስሙን የሚያስጽፍበት መዝገብ፣ ሰባት ቁጥር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከተመለሰች ወዲህ ለማንም አልወጣችም ይላል። ቡቱም የእሱ ነው። አቧራ ወደ መሣሪያው እንዳይገባ በር ላይ እያወለቀ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ እያስቀመጠ በነጠላ ጫማ ነው የሚገባው። ቡቱ በዘይት ጨርቅ ተወልውሎ ተገኘ፤ ስፌቱ ውስጥ ግን ሲሚንቶ ቀርቷል።

በዚያ ላይ ሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል። ለአዲሱ አዳራሽ የተሠራ የደንብ ሰሌዳ ነበር፤ «ምልክት ሳይጠብቅ ወደ ዒላማው የሄደ ሠልጣኝ ሕይወቱን አጥቷል» የሚል በትልቁ የተጻፈበት። ዘይቴ «ይህን ሰሌዳ ካላነሳህ ውርድ ከራሴ» ብሎ ሊቀመንበሩ ላይ ሲጮህ ሦስት ሰዎች ሰምተዋል።

መርማሪው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቀው። ዘይቴ አልገደልኩም አለና ከንፈሩን ገጠመ። ቡቱን ለምን እንደወለወለ ሲጠየቅ ዝም፣ ሰሌዳው ምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ዝም። ወደ ማረፊያ ክፍል ሲወስዱት ብቻ ዞር ብሎ፣ ሚስቴ ደም ግፊት አለባት፣ ቤቷ ትግባ በሏት አለ። ሚስቱ ግን ከጣቢያው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሳችም። መርማሪው ሲያልፍ እጁን ያዘችውና፣ «እሱ እኮ ወጥመድ የገባችን አይጥ አውጥቶ የሚለቅ ሰው ነው» አለችው። 

አዛዡ ፋይሉ አርብ ፍርድ ቤት ይቅረብ አለ። አርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመርማሪው የተኩስ ፈተና ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ ሦስተኛውን ከወደቀ መዝገብ ቤት ይገባል። «ፋይሉም አርብ፣ ፈተናህም አርብ። አንዱን እንኳ በጊዜው አድርስልኝ» አለው አዛዡ። መርማሪው ግን ያ የኋላ እግር ከዓይኑ አልጠፋ አለ። ሰው በሌለበት ነገር ታስሮ ቢፈረድበት ጥፋቱ የሱ የመርማሪው እንደሚሆን ያውቃል።

*

አሠልጣኙ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ክለቡ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ ይንቀጠቀጣል። ለእንግዳቸው ውሃ ሲቀዱ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። መርማሪው ማስታወሻው ላይ «እጅ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ጽፎ አሰመረበት። ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት እንደነበሩ ሲጠይቃቸው ልብስ መቀየሪያ ክፍል እየታጠብኩ ነበር አሉ። ያየ ሰው ይኖር እንደሆን ሲጠይቃቸው ሽማግሌ ሲታጠብ ማን ያያል አሉ።

ስለ ዘይቴ ሲነሳ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ሠላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ሆድና ጀርባ ሆነን አናውቅም፣ እሱ አልገደለም አሉ። በምን እንዳወቁ ሲጠይቃቸው ጎንበስ ብለው የመርማሪውን ጫማ ተመለከቱና፣ ፈተና አለብህ አሉ፣ ዘበኛው ነገረኝ፣ እስቲ ተነስና ቁም አሉት።

ለጥያቄ የመጣ ሰው ተማሪ ሆኖ ማረፉ አሳፈረው። ሆኖም መዝገብ ቤቱ ትዝ ሲለው ተነሳ።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት።

የመርማሪው ጫማ ለጉልበቱ ተብሎ የተገዛ፣ ሶሉ ስፖንጅ የሆነ ነው። «ስፖንጅ ላይ ቤት አይሠራም» አሉ አሠልጣኙ። «እግርህና ወለሉ ይነጋገሩ፤ መሀላቸው አስተርጓሚ አታስገባ።» በካልሲው አቆሙት። ጎኑን ለዒላማው አሰጡት፣ እግሩን በትከሻው ልክ አስከፈቱት፣ ክብደቱን ለሁለቱ እግሮች እኩል አካፈሉለት። ጉልበቱን እንዳያጥፍም እንዳይገትርም ነገሩት። ግራ እጁን ኪሱ አስከተቱት፤ ሥራ ፈት እጅ ገላን ያወዛውዛል አሉ። በሥጋህ ሳይሆን በአጥንትህ ቁም፣ ሥጋ ይደክማል፣ አጥንት ግን እንደ ምሰሶ ነው አሉት። ትንፋሽ አስሳቡት፣ ግማሹን አስለቀቁት፣ ቀሪውን አስያዙት። ከአምስቱ ጥይት ሦስቱ ወረቀቱን መቱ፤ በሕይወቱ እንዲህ ተኩሶ አያውቅም።

ጫማውን መልሶ ሲያስር አሠልጣኙ ቆመው ሲያዩት ቆዩና ዛሬ ምን ተማርክ አሉት። ክብደት ማካፈል አላቸው። ሽማግሌው ሌላ ነገር የጠበቁ ይመስል፣ በል ነገ ተመለስ አሉት።

*

ሻምፒዮኗ ዋሽታለች። ማክሰኞ ከክለቡ ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ ብላ ነበር፤ ጎረቤቷ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት መብራቷ አልበራም አለች። ሊቀመንበሩ ውጤትሽ ወርዷል ብሎ ከውድድር ጉዞ ቀንሷት እንደነበር ደግሞ ክለቡ ሁሉ ያውቃል። አዛዡ ሐሳቡን ሊለውጥ ትንሽ ቀረው። መርማሪው ሐሙስ ጠዋት ቤቷ ሄዶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ምንም ሳይጠይቃት ዝም ብሎ ቆየ። ዝምታ የሚከፍተውን አፍ ጥያቄ አይከፍተውም የሚል እምነት አለው።

ከመሳቢያዋ የክሊኒክ ካርድ አውጥታ ሰጠችው። ማክሰኞ ከአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ እስከ አንድ ተኩል እዚያ እንደነበረች ማህተሙ ይመሰክራል። የሦስት ወር እርጉዝ ናት፤ ተኩስ አዳራሽ ውስጥ ያለው የጥይት እርሳስ ጭስ ለጽንስ አይሆንም ተብሎ እንዳትታገድ ደብቃዋለች። ውጤቷ የወረደውም ለዚያ ነው፤ ገላዋ የለመደው ሚዛን ተነቃንቆባታል።

«ከሐኪሙ በፊት ያወቁብኝ ጋሼ ናቸው» አለች። «አቋቋሜን አዩና፣ ‹እግርሽ ሰፍቷል ልጄ፣ ሁለት ሆናችኋል መሰለኝ፣ በይ ከአዳራሹ ውጪ› አሉኝ። ለማንም አልተነፈሱም።»

ስለ ሰሌዳውም የነገረችው እሷ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ሞተ የተባለው ሠልጣኝ የአሠልጣኙ ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የወረቀት ዒላማ ሊቀይር ሄዶ ተመታ። ምልክት ሳይጠብቅ ገባ ተባለ፣ በዚያው ተዘጋ። አባቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተው አያውቁም፤ ሲነሳባቸው፣ ደንብ ጥሶ ነው፣ ይበለው ብለው ያልፋሉ። መርማሪው ይህን ሲሰማ ዘይቴ ለማን ተቆርቁሮ እንደጮኸ ገባው። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አላሰበም፤ ማስታወሻው ላይ ያሰመረበት የሚንቀጠቀጥ እጅ ሐሳቡን ከለከለው።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ትምህርት ሄደ። አሠልጣኙ ያለ ሰላምታ ጫማህን አሉት፤ አወለቀ፣ ቆመ፣ ሽጉጡን አነሳ።

«ዓይንህን ጨፍን» አሉት። «ትንፋሽህን ሳብ፣ ልቀቅ። ክንድህ ራሱ የሚወደው ቦታ ላይ ይረፍ። አሁን ግለጥ።»

ሲገልጥ አፈሙዙ ከዒላማው ወደ ግራ ሄዷል። ክንዱን ወደ ቀኝ ሊገፋ ሲል ሽማግሌው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ትከሻውን ያዙት።

«እጅህን እንዳትነካ። የገፋኸው እጅ ምላጩን ስትስብ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሳተው እጅህ አይደለም፣ አቋቋምህ ነው። የኋላ እግርህን ሳታነሳ ጎተት አድርገው።»

መርማሪው የኋላ እግሩን አራት ጣት ያህል ወደ ጎን ሳበ። አፈሙዙ በራሱ ጊዜ መጥቶ መሀል ላይ ቆመ።

መርማሪው ሽጉጡን አስቀመጠና እግሩን ተመለከተ። ይህን የሚያውቅ ማን ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ እኔ ያስተማርኩት ሰው ሁሉ፣ አንዴ ከለመደው በእንቅልፉም ያደርገዋል አሉ። ዘይቴስ ሲላቸው፣ ዘይቴ ወታደር ነበር፣ ትከሻው ተመትቶ ቀኝ ክንዱ ብቻውን ከደረቱ በላይ አይነሳም፣ በሁለት እጁ ነው የሚተኩሰው፣ ደረቱን ለዒላማው ሰጥቶ፣ አሉት። ይህን ሲናገሩ ለማሳየት ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉ። መርማሪው ያየውን ያስተዋለው ቆይቶ ነው፤ ጭናቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው እጅ ሲዘረጋ መንቀጥቀጡን ተወ።

*

ከመምሸቱ በፊት የጣቢያው ጓሮ ውስጥ ሲሚንቶ አስበተነና ዘይቴን አስመጣው። እንጨት ሽጉጥ አስመስሎ ሰጠውና ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት እንደምትተኩስ ሆነህ ቁም አለው። ዘይቴ በመጀመሪያ እምቢ አለ። ሚስትህ ከትናንት ጀምሮ በር ላይ ናት ሲባል ቆመ። ደረቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ ነበር የቆመው። እግሮቹ ጎን ለጎን ናቸው።

«ትንሽ ወደ ግራ ስተሃል፣ አስተካክል» አለው መርማሪው።

ዘይቴ እጁን አስተካከለ። እግሩ ካለበት አልተነቃነቀም።

አዛዡ ከመስኮት ሆኖ ያይ ነበርና ማስመሰልማ ይችላል፣ እግር ፍርድ ቤት ቀርቦ አይመሰክርም አለ። መርማሪው ወደ ዘይቴ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የኋላ እግር የሚጎተተው እጅ ላለመንካት እንደሆነ ዛሬ ጋሼ አሳዩኝ አለው።

ዘይቴ እንጨቱ ከእጁ ወደቀበት። «እሱ ራሱ አሳየህ?» አለ። አዎ ሲባል ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም። መርማሪው ምን አስለቀሰህ ብሎ ደጋግሞ ቢጠይቀውም ወደ ክፍሌ መልሱኝ ብቻ አለ።

*

አርብ ጠዋት መርማሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ስፖንጁ ሶል በእጁ ገባ። ጫን ሲያደርገው ሰመጠ፣ ሲለቀው ተነሳ።

ሁለት ቀን ሙሉ እግሩን ሲያስብ ቡቱን ረስቶታል። ገዳዩ የሰው ቡት ያደረገው ሰው ላይ ሊያላክክ መስሎት ነበር። ነገር ግን የክለቡ ተኳሾች ሁሉ ደረቅ ሶል ያለው የተኩስ ጫማ አላቸው፤ ለመተኮስ ቡት መዋስ አያስፈልጋቸውም። ቡት የሚያስፈልገው የራሱ ጫማ ስፖንጅ ለሆነበት ሰው ነው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጫማውን ያዩበት ቀን ትዝ አለው። የእሳቸውን ጫማም አስታወሰ፤ እግራቸው ስለሚያብጥ ሐኪም ያዘዘላቸው፣ ለስላሳ፣ ከውስጥ እንደ ትራስ የሆነ። ወዲያው ያ የተዘረጋ ክንድ መጣበት። «ወይ እኔ» አለ ለራሱ፣ ማሰሪያውን ሳያስር ተነሳ።

አሠልጣኙን ብቻቸውን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው። ገና ከበሩ እግራቸውን አየ። እሳቸውም ማየቱን አዩ።

«መጀመሪያ ተኩስ» አሉት።

ጫማውን አወለቀ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ የኋላ እግሩን ጎተተ። አምስቱም ወረቀቱ ላይ ገቡ። ሽጉጡን አስቀምጦ ዞረ።

«እንቁላል በእግሩ ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጀበት» አሉ አሠልጣኙ። «የመጀመሪያው ቀን ጫማህን ሳስወልቅህ የገባህ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? ወዳጅዎ እስር ላይ ነው።»

«በየቀኑ ልናገር አስቤ ነው የመጣሁት። አንተ እንደምን ዋሉ ትለኛለህ፣ አፌ ይያዛል። እግር ማሳየት ግን እችላለሁ፤ አርባ ዓመት የሠራሁት እሱን ነው።»

ከዚያ ቀሪውን ሳይጠየቁ ተናገሩ። ከሁለት ሳምንት በፊት የአሮጌው ቢሮ ወረቀት ተጠርጎ ሲወጣ፣ ከሚጣለው ክምር ውስጥ ልጃቸው የሞተበትን ቀን የምልክት መዝገብ አገኙ። ያን ቀን ምልክት ሰጪው ሊቀመንበሩ ነበር። በገዛ እጁ ጽሑፍ፣ ሜዳው ነፃ ነው፣ ዒላማ ቀያሪው ይግባ ይላል፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ተኩስ ጀምር። ልጁ ምልክት ጠብቋል። ያስገባው ሰው ማስገባቱን ረስቶ ተኩስ አዘዘ፣ ከዚያም ጥፋቱን ለሟቹ አሸክሞ መዝገቡን ደበቀ። አሠልጣኙ ወረቀቱን ለአንድ ሰው ብቻ አሳዩ፣ ለዘይቴ። እሱ ሊቀመንበሩ ላይ ጮኸ፤ ሰሌዳው ከተሰቀለ ሽማግሌው እንደማይችሉት አውቆ ነበር። ማክሰኞ አሠልጣኙ ራሳቸው ገቡ፣ ሰሌዳውን አንሳልኝ ብለው ለመኑ። ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን ማንሳት የሞተውን አይመልስም፣ መሰቀሉ ግን ሌላውን ያድናል አላቸው።

«ስምንት ዓመት ልጄን ተቆጥቼዋለሁ» አሉ። «መቃብሩ ላይ ቆሜ ደንብ ጥሰህ ነው ብዬዋለሁ። ልጄ ግን ጠብቆ ነበር።»

 መርማሪው ሽጉጧ መዝገብ ላይ ሳትጻፍ እንዴት እንደወጣች ጠየቃቸው። ለእኔ አይጻፍም አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ዘይቴ የእኔን ስም ጽፎ አያውቅም፣ ሰባት ቁጥርን ስጠኝ ስለው ከነጥይቷ ሰጠኝ። ስለ ቡቱም ጠየቃቸው።

«በር ላይ ነበር። እሱ ላይ ጣጣ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም፣ ማርያምን። እኔ ስፖንጅ ላይ ቆሜ ተኩሼ አላውቅም። ሰው ልገድል እየሄድኩ እግሬ ስለ ወለሉ ያስብ ነበር።»

መርማሪው እጃቸውን አላሰረም። ደረጃውን ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዛቸው፤ እሱም ጉልበቱን ስላመመው አንዱ ሌላውን ደግፎ ወረዱ።

*

የዘይቴ መፈቻ ወረቀት እኩለ ቀን ላይ ተፈረመ። መርማሪው ራሱ ሄዶ በሩን ከፈተለት። ዘይቴ እንደወጣ፣ ማክሰኞ ማታ ቡቱ ሲሚንቶ ለብሶ፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ እንዳገኘው፣ ሰባት ቁጥርም ሳትመለስ እንደቀረች፣ ጠዋት የፅዳት ሠራተኛዋን ጩኸት ሲሰማ የወለወለው ለዚያ እንደሆነ ያን ጊዜ ተናገረ። ቡቱ ማስረጃ ሆኖ ስለታሸገ በካልሲ ብቻ ነው የቆመው።

ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። አሠልጣኙ የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው ቀበቶአቸውንና ጫማቸውን እያስረከቡ ነበር። ቀና ብለው የዘይቴን እግር አዩና ጫማውን ለፖሊሱ ከመስጠት ይልቅ ወደሱ ዘረጉ።

«ውሰዳቸው» አሉት። «ለተኩስ አይሆኑም እንጂ ለመንገድ ጥሩ ናቸው።»

ዘይቴ ጫማዎቹን ተቀበለ፣ ግን አላደረጋቸውም። እያገላበጠ ሲያያቸው ቆየ።

«ሦስት ቀን ዝም አልኩልህ» አለ። «አንተ ሦስት ቀን ዝም አልክብኝ።»

 ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሁሉም መልስ የነበራቸው ሰው አንገታቸውን ደፉ። ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው፤ ወለሉ ላይ በካልሲ እየተራመዱ ገቡ፣ በሩም ተዘጋ።

ዘይቴ ጎንበስ አለና ጫማዎቹን ከማረፊያ ክፍሉ በር አጠገብ፣ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አድርጎ አስቀመጣቸው። ሚስቱ ከአግዳሚው ተነስታ መጥታ ነበርና በካልሲ ልትሄድ ነው ወይ ስትለው፣ እሱ ሲወጣ ያደርጋቸዋል አላት። የጠረጴዛው ፖሊስ ጫማዎቹን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ መርማሪው ተዋቸው አለው። ባልና ሚስቱ የጣቢያውን ደረጃ ቀስ ብለው ወረዱ።